የሐጂ ራገብ መጥሪያ

ሐጂ ራገብ የሞቱት ወንበራቸው ላይ፣ አውራ ጣታቸው ከመጥሪያው ቁልፍ ሳይነሳ ነው። መጥሪያው ሲጫኑት በቤቱ ዋይፋይ በኩል የልጃቸውን የናግላን ስልክ ያስጮሃል። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ግን ስልኩ ጭጭ አለ። ናግላ ከገበያ ስትመለስ ገላቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። ወንድሟ ሉጥፊ ግን ይህ አልተዋጠለትምና በማግስቱ ከአሌክሳንድሪያ ፖሊስ ሻምበል ኢንሳፍን አስጠራ። ጣቱን የቀሰረው ከላይ ፎቅ በምትኖረው ኡም ሃኒ ላይ ነው። የቤቱ ቁልፍ አላት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ለሐጂ ሾርባ አስገብታለች። መጥሪያውን ያበላሸችው እሷ ናት ባይ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎረቤት በአንድ ጀምበር ነፍሰ ገዳይ ልትባል ነው።

ኢንሳፍ ለየብቻ አነጋገረቻቸው። ሦስቱም ከቀትር ጀምሮ የዋይፋዩ መስመር ተቋርጦ ነበር አሉ። ማን እንደነገራቸው ስትጠይቅ ሉጥፊም ኡም ሃኒም ናግላን ጠሩ። ኢንሳፍ ወጥ ቤት ገብታ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ፣ ዘይት በጠጣ ወረቀት የተጻፈውን የዋይፋይ የይለፍ ቃል በስልኳ ሞከረች። አልተቀበላትም።

ወደ ናግላ ተመለሰችና ስለ ቀብሩ ስታወራት ቆይታ ድንገት ጠየቀቻት።

«የትናንቱ ድራማ አመለጠኝ። ልጅቷ ይቅር አለችው?»

«የት ይቅር ትለዋለች። ቀለበቱን ፊቱ ላይ ወረወረችለት» አለች ናግላ እንባዋን እየጠረገች።

ኢንሳፍ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ድራማው የሚጀምረው አሥር ሰዓት ነው» አለች። «የዚህ ቤት ቴሌቪዥን ዲሽ የለውም፤ ያለ ዋይፋይ አይሠራም። ስለዚህ መስመሩ አልተቋረጠም። የፍሪጁ ቃል ደግሞ ተቀይሯል። አዲሱን የሚያውቀው ድራማውን ያየ ሰው ብቻ ነው።»

ናግላ ወለሉን አየች።

«የኡም ሃኒ ልጆች ከነጓደኞቻቸው በዋይፋያችን ሲጠቀሙ ለእኛ ምንም አልከፍት አለ። ታዲያ እንዴት አይሆንም እላታለሁ? እናቴ ስትሞት አርባ ቀን ያበላችን እሷ ናት። ቀየርኩትና ተቋርጧል አልኩ። ስልኬን አስገባሁ፣ ቴሌቪዥኑን አስገባሁ... መጥሪያውን ረሳሁት።»

በዚያ ሕንፃ ሰው ፊት ለፊት ከመከልከል ሰባት ጊዜ መዋሸት ይቀላል። ይህን የምተርክላችሁ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው፤ ለዚህ ነው ልፈርድባት የማልደፍረው።

«እምቢ ብትዪኝ እኮ ሁለት ቀን ባኮርፍሽ ነው፣ ልጄ» አለች ኡም ሃኒ። ሉጥፊ ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

ኢንሳፍ መጥሪያውን ለናግላ ሰጠቻት። «ሕጉ ለዚህ ስም የለውም። ግን መጥሪያው ደህና መሆኑን ወንድምሽ በዓይኑ ይይ። አዲሱን ቃል ለመጥሪያው ስጪው።»

ናግላ ስልኳ ላይ ቃሉን ጻፈች። የመጥሪያው መብራት አረንጓዴ ሆነ። ቁልፉን ተጫነችው።

ስልኩ ጉልበቷ ላይ ጮኸ። «ባባ እየጠራሽ ነው» ይላል።