አርባ ነጥብ ብየዳ

አባባ ላሜራ የሞቱት በጀርባቸው ተንጋለው፣ ፊታቸው ወደ መኪናዋ ሆድ እንደዞረ ነው። የአሮጌዋ መኪና የኋላ ጎማዎች ወልቀዋል፤ ክሪኩ ወደ ጎን ተጋድሟል፤ የኋላ አክስሏ የሽማግሌው ደረት ላይ አርፏል። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የዛገ ቆርቆሮ እየቆረጡ በአዲስ ሲተኩ የኖሩ ባትላሜራ ነበሩ፤ እውነተኛ ስማቸውን ከሚስታቸው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ጋራዡ የደረሰችው ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አለቃዋ በስልክ፣ «የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ አይተሽ ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ» ብሏታል። በሳምንቱ ያየችው ሦስተኛ ሬሳ ነው። እግሯ አብጧል፤ ደህና እንቅልፍ ከተኛች ሰንብታለች። እውነቱን ለመናገር የመጣችው ልትፈርም ነበር።

ለወጉ ያህል ተንበረከከችና ባትሪዋን አበራች። የሟቹ መነጽር አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ነው። ሁለቱም መስታወቶች ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ የብረት ፍንጣሪዎች ቀልጠው ተጣብቀዋል። ቅንድባቸውና ግንባራቸው ላይም አሉ። ኢንስፔክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ምነው?» አላት አብሯት የመጣው ኮንስታብል።

«ዛሬም ቤቴ አልገባም» አለች።

መሬቱ በአቧራ ተሸፍኗል። ከመኪናዋ ሥር ሁለት የብረት ማቆሚያዎች ቆመውበት የነበረ ምልክት በአቧራው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ማቆሚያዎቹ ግን ማዶ ግድግዳ ተደግፈዋል። ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና የኋላ ኮፈኑን ከፍታ ውስጡን ተመለከተች። የዛገው ወለል ተቆርጦ ወጥቶ በምትኩ አዲስ ላሜራ ገብቷል፤ ዙሪያውንም በነጥብ በነጥብ ተበይዷል። ነጥቦቹን ቆጠረች፤ አርባ ናቸው። መሀሉን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ላሜራው እንደ ጣሳ ክዳን ጧ ብሎ ገባና ተመልሶ ወጣ።

አጠገቡ ሽማግሌው ባለፈው ወር የጨረሷት ሌላ መኪና ቆማለች። የእሷንም ወለል ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም።

በብየዳ ማሽኑ ራስ ላይ አንድ ጣሳ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀምጧል። ክዳኑ አልተነካም።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ቀለም ቀቢውን ነው። በግቢው መጨረሻ በምትገኝ ክፍሉ ውስጥ፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም የተጠራቀመበት ቀጭን ሰው ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ ያገኘኋቸው፣ እታለም። አስር ሰዓት ላይ።»

«ከዚያ በፊትስ መቼ አየሃቸው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። አዲሱን ላሜራ በአራት ብሎን ይዘው ልኩን ይሞክሩ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት፣ መምህሩ፣ አጠገባቸው ነበሩ። እኔ ወደዚህ ገባሁ። ሰባት ሰዓት ላይ የብየዳው ብርሃን በመስኮት ሲንቦገቦግ አየሁ።»

«ሄደህ አላየሃቸውም?»

ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ያበጠ ነገር አሳያት። «ልቤን በማሽን ነው የማስነዳው። ሐኪሙ ብየዳ አጠገብ ዝር እንዳትል ብሎኛል። እዚህ ጥግ የታሰርኩት ለዚህ ነው። ሲበየድ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።»

«ብርሃኑ ምን ያህል ቆየ?»

«ግማሽ ሰዓት ያህል አየሁት። ከዚያ ቀለም መርጨት ጀመርኩ፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ እንኳን ብርሃን እጄም አይታየኝ።»

«ሽማግሌው የሚጣሉት ሰው ነበር?»

«ከዝገት ጋር ነበር የሚጣሉት» ብሎ ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው። «ከሚስታቸው ወንድም፣ ከመካኒኩ ጋር አንድ ሰሞን ተጨቃጭቀዋል። ሰው የሞተባት መኪና ናት፣ አንቀበላት ብሎ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። የፊቷ ጥገና ካለቀ በኋላ ደግሞ፣ የኋላዋን ለእኔ ተዉልኝ እያለ ሲለምን ከረመ። ዝገት ልቁረጥ ብሎ የሚለምን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ብየዳ ይችላል?»

«ታዲያ የዚህን ጋራዥ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ሁሉ ማን ይበይዳል? እኔ?»

መካኒኩ በጋራዡ ቢሮ ውስጥ የታጠበ እጁን በጨርቅ እየደጋገመ ይጠርጋል።

«እህቴ ባሏን አጣች፣ እኔም አባቴን» አላት። «በክሪክ ብቻ አይግቡ እያልኩ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ሲያረጁ እልህ ያዛቸው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ፣ ከስምንት እስከ አስር መለዋወጫ ሱቅ ነበርኩ። አራት ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ስትወጣ እሳቸው ምን ይሠሩ ነበር?»

«ብየዳውን ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸው ነበር። የእሳቸውን አሠራር አያውቁትም መሰለኝ። አንዱን ነጥብ በይደው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ሁለተኛውን ለመበየድ ወደ ሌላኛው ጥግ ይሄዳሉ። አርባ ነጥብ ከሁለት ሰዓት በታች አይጨርሱም። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ከሥር ሊያዩት ገቡና…» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አንተስ ትበይዳለህ?»

«እኔ የሞተር ሰው ነኝ» አለ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሚስትየውን ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አልቅሳ ጨርሳ ደርቃለች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ከሰለቻት ዓመታት አልፈዋል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መነጽር ሁልጊዜ ያደርጉ ነበር?»

«ሲለካና ሲያነብ ብቻ ነው። ትናንት ነው አዲሱ የመጣለት። ሲበይድ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል፤ ከጭንብሉ ጋር አይስማማኝም ይላል።»

«ያ ፀረ ዝገት ቀለምስ?»

«እሱን ሳይቀባ በይዶ አያውቅም። ላሜራና ላሜራ የሚገናኙበትን ካልቀባሁ ዝገቱ ተመልሶ መጥቶ የልጅ ልጆቼን ያሰድባቸዋል ይላል።» የነጠላዋን ጫፍ አጣጠፈች። «ልጅ እንኳን የለንም እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ግቢው ስትመለስ መምህሩ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸው የሰፋቸው ሰው ናቸው። መኪናዋ የልጃቸው ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ከሚስቱ ጋር እየሄደ ኩርባ ላይ መንገድ ስቶ ገደል ገባ፤ ሁለቱም ሞቱ። የትራፊክ ሪፖርቱ «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ይላል።

«የልጅ ልጄን የሚያሳድጓት የእናቷ ወላጆች ናቸው» አሉ። «ልጄ ልጃቸውን እንደገደለ ነው የሚያውቁት። በራቸው ላይ ስደርስ፣ የገዳይ አባት አታሳዩን አሉኝ። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ሰላምታዬን እንኳን አታውቅም። መኪናዋን ማሳደሴ ልጄ የጀመረውን እድሳት ልጨርስለት ብዬ ነው እንጂ፣ እኔም ተቀይሜው ነው የኖርኩት።»

«አባባ ላሜራ ትናንት… ማለቴ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ምን አሉዎት?» ቀኑ ተምታቶባታል።

«ነገ ጠዋት የልጅዎን አማቶች ይዘው ይምጡ አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም አሉ። ሌላ አልተናገሩም።»

«ይህን ሌላ ሰው ሰምቷል?»

መምህሩ አሰቡ። «መካኒኩ ከጎን ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ሚስትየው፣ ወንድሟ መካኒኩ፣ ቀለም ቀቢው፣ መምህሩና ኮንስታብሉ። ከሌላ ጋራዥ የተጠራ አንድ ባትላሜራም መሮና መዶሻውን ይዞ ቆሟል። አማቶቹ ጥሪ ደርሷቸው አልመጡም። ኢንስፔክተሯ መቆም ስላቃታት አንድ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«ደክሞኛል፤ አንድ በአንድ ልናገርና ጨርሼ ልሂድ» አለች። «ሰው ከላይ ሆኖ ቀጭን ላሜራ ሲበይድ፣ እሳት ከበዛበት ላሜራው ይበሳና ቀልጦ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ያ ብረት አባባ ላሜራ መነጽር ላይ ተጣብቋል። እሳቸው ሲበይዱ መነጽር አያደርጉም። ስለዚህ ይህ ወለል ሲበየድ እሳቸው ከላይ አልነበሩም፤ ከሥር ነበሩ። ቅንድባቸው ላይ እሳት ሲወርድ ፊታቸውን አላዞሩም። ብየዳው ሲጀመር ሞተው ነበር።»

ሚስትየው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማቆሚያዎቹ መኪናዋን ደግፈው እንደነበር አቧራው ይናገራል። በራሳቸው ተነሥተው ግድግዳ አልተደገፉም። አንድ ሰው አወጣቸው፤ ከዚያ ክሪኩን ጣለው። ያው ሰው ቀጥሎ ወለሉን በየደ። ለምን? አንደኛ፣ አርባ ነጥብ ያየ ሁሉ ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሠሩ እንደቆዩ ያስባል። እኔም አስቤ ነበር። ግን ላሜራውን ተጫኑት፤ ይነፋል፣ ጧ ብሎ ገብቶ ይወጣል። እሳቸው የሠሩት አይነፋም፤ እያቀዘቀዙ ከጥግ ወደ ጥግ ስለሚሄዱ። ይሄ በመደዳ፣ አንዱ ሳይቀዘቅዝ ሌላው የተበየደ ነው። ማርሚታ እንደዚያ ቢበየድ ይችለዋል። ቀጭን ላሜራ አይችለውም። በመደዳ ከሆነ ደግሞ ለአርባ ነጥብ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቀለም ቀቢው ብርሃኑን ያየው ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል።»

«ሰባት ተኩል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ ልትይ ነው?» አለ መካኒኩ። የትናንቱ አክብሮት ከአፉ ጠፍቷል።

«አንተው ነህ ያልከኝ። ቀለም ቀቢው ማሽኑ አጠገብ ቢቆም ልቡ ይቆማል። መምህሩ በዚያ ሰዓት ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነበሩ፤ ካርድ የምትሰጠዋ ልጅ ታስታውሳቸዋለች። ማርሚታ በያጁም አንተ ነህ።»

«አባቴ ናቸው! ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?»

«ሁለተኛው ምክንያት እሱ ነው።» ወደ ባትላሜራው ዞረች። «ወለሉ ክዳን ነው። ከሥሩ የኋላ አክስሉ የሚታሰርበትን ባሌስትራ የሚሸከመው ሻንሲ ከላይ እንደ ቦይ ክፍት ነው፤ ወለሉ ሲበየድበት ይዘጋል። አባባ ላሜራ የፀረ ዝገቱን ጣሳ አልከፈቱም። ትናንት ሊዘጉት አላሰቡም ማለት ነው። ለሰው ሊያሳዩት ክፍት ትተውት ነበር። ክፈተው፣ ወንድሜ።»

መሮው አርባውን ነጥብ አንድ በአንድ ፈታ። ላሜራው ሲነሣ ባትላሜራው ቦዩ ውስጥ እጁን ከቶ ጥቁር የመድፈኛ ስቱኮ ፈለቀቀ። ከስቱኮው ሥር የተጨማደደ ጋዜጣ ወጣ፤ ከጋዜጣው ሥር ደግሞ ቡጢ የሚያስገባ የዝገት ቀዳዳ። የባሌስትራው መያዣ ከዚያ ቀዳዳ ዳር ተገንጥሎ ወጥቷል፤ ስብራቱም ራሱ ዝጓል።

«የትራፊክ መርማሪዎቹ የተነቀለው በአደጋው ነው ብለው አልፈውታል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ውስጡን ያየ አልነበረም።»

ኮንስታብሉ ጋዜጣውን ዘርግቶ ቀኑን አነበበ። ከአደጋው ሁለት ወር ይቀድማል።

መካኒኩ ሲናገር ድምፁ የሚሰማው ለራሱ ያህል ነው።

«ለጊዜው ነበር። የመምህሩ ልጅ ከኋላ ይንኳኳል ብሎ መጣ፤ ለቅዳሜ ቸኩሎ ነበር። ለጊዜው ልድፈንልህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መልሳት አልኩት። አልመለሳትም።»

«ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልደወልክለትም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሥራ በዛ። ረሳሁት።» ወደ ማቆሚያዎቹ ተመለከተ። «ትናንት ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ሆነው ጠሩኝ። ይሄ የማን እጅ ነው አሉ። እጄን ያውቁታል እኮ፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ነገ ለሰዎቹ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ አሉኝ። ማቆሚያዎቹ ተንጋደዋል፣ ላስተካክላቸው አልኳቸው።»

«አመነህ?» አለች እህቱ።

«አመኑኝ።»

ከዚያ በኋላ አላየችውም። ኮንስታብሉ ካቴና አጥልቆ ሲወስደው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መምህሩ የመኪናዋን ጠርዝ ይዘው ቆመዋል። ቀዳዳውን፣ ጋዜጣውን፣ የተገነጠለውን ብረት ደጋግመው ያያሉ።

«ስለዚህ» አሉ፣ «አልፈጠነም?»

«መያዣው በዚህ ሁኔታ ሲለቅ በሠላሳም ቢነዳ መንገድ ያስታል። ልጅዎ አላጠፋም። ይህን ጽፌ እፈርምበታለሁ። ለአማቶቹ ግን ወረቀት አልልክም፤ ዛሬ ከሰዓት እርስዎን ይዤ ራሴ እሄዳለሁ።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሙ አይመስሉም። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም» አሉ። «አፍሬበት ነበር። የሰው ልጅ ገድሎ ሄደ ብዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ቤቴ ውስጥ አላስጠራሁም። ዛሬ ነው ልጄ የሞተብኝ።»

ያን ጊዜ ሚስትየው ከግድግዳው ተመልሳ መጣችና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷ ለባሏ፣ እሳቸው ለልጃቸው፣ አብረው አለቀሱ።