የዊልፍ ጭቃ

ታምሲን መጀመሪያ ያየችው ጭቃው መጥፋቱን ነው።

ወታደሮቹ አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈዋል። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ረጃጅም ጦር የያዙት ከፊት፣ ጠመንጃ ያነገቱት ከኋላ፣ መድፉ በስተግራ። ሰልፉ እሷ እንደደረደረችው ነው። ግን ሁሉም ነጭ ሆነዋል። ኮታቸው፣ ቆባቸው፣ ጫማቸው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ውርጩን አየሽልኝ?» አሉ ሚስስ ቢርድሶል። የትንንሽ ወታደር ቀቢዎችን ክበብ ሻይና ምግብ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። አሳማ ሥጋ የገባባቸው ትኩስ ዳቦዎች በትሪ ይዘው ቆመዋል። «ልክ የጥር ጠዋት! ከዚህ ሁሉ ጠረጴዛ ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። ሮዋን ብቻውን ነው አሉ የቀባው። ያ ለፍላፊ እንዲህ ያለ እጅ አለው ብሎ ማን ያስባል?»

«ብቻውን?» አለች ታምሲን።

«አባቱ ናቸው የነገሩኝ። ያውልሽ፣ እዚያ ቆመዋል። ዛሬ ገና መምጣታቸው ነው። ኩራታቸውን አየሽው?»

ታምሲን አየችው። የሮዋን አባት የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ በአገጫቸው ወደ ወታደሮቹ ያመለክታሉ።

እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ጣቶቿ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ከሐሙስ ጀምሮ አልለቀቀም።

ወታደሮቹ የሮዋን ናቸው። አባቱ ለልደቱ ሲገዙለት ግራጫ ነበሩ፤ ዓይን የላቸው፣ መልክ የላቸው። ሮዋን በእነሱ የሚካሄደውን የጦርነት ጨዋታ ይወዳል። ቁጥር ያለበትን ዳይ መወርወር፣ ሠራዊት መግፋት፣ ተሸንፎም ቢሆን መፎከር። ብሩሽ ሲይዝ ግን እጁ አይረጋም። ስለዚህ ሠራዊቱን ታምሲን ቤት አመጣው። የብርዱን ወራት ሁሉ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እሷ ስትቀባ፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ስም ሲያወጣና ታሪክ ሲፈጥር ከረሙ። ይሄኛው የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። ያኛው ሚስቱን ፈርቶ ነው የዘመተው። ታምሲን ሳቋ እጇን እንዳያንቀጠቅጠው ብሩሹን እያነሳች ትስቅ ነበር።

ቀለሙ ሲያልቅ ሁሉም አዲስ ልብስ የለበሱ ሙሽሮች መሰሉ። ያኔ ነው ዋናው ሥራ የጀመረው። የክበቡ አዛውንት ሚስተር ሃላም «ንጹሕ ወታደር ከቤቱ ያልወጣ ወታደር ነው» ይላሉ። ልብሱ መደብዘዝ፣ ብረቱ መዛግ፣ እግሩ መቆሸሽ አለበት። ታምሲንና ሮዋን ከትሬንት ወንዝ ዳር ጭቃ በጃም ብልቃጥ ቀድተው አመጡ። እነዚህ ወታደሮች ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተዋጉት እዚሁ ኒውአርክ ከተማ ነው፤ ጭቃውም የራሳቸው ጭቃ ይሁን ተባለ። በእናቷ ምድጃ አደረቁት። እናቷ ጮኹ። በአሮጌ የእግር ሹራብ ነፉት። ዝገቱን ደግሞ ከዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ከኮምጣጤ አወጣችው።

ከሁሉም የምትወደው ዊልፍ ነው። ዊልፍ ሽማግሌ ጦር ያዥ ነው። ታምሲን ገና ቀለም ሳትቀባው አንዱን ጫማውን በስለት ፍቃ አንስታ ባዶ እግር አደረገችለት፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ሰምጦ የቀረበት እንዲመስል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀባች። ሮዋን ሲያየው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። «ምስኪን! ይሄ ሰውዬ ዊልፍ ነው። ኒውአርክ እስኪደርስ በአንድ እግሩ እያነከሰ ሚስቱን ይረግማል።»

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ክበቡ ታዳጊዎችን ያወዳድራል፤ የዘንድሮው ውድድር ዛሬ ነው። ሽልማቱ ዋንጫ አይደለም፤ ወንበር ነው። ከሚስተር ሃላም የሥራ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለው ወንበር። ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑድ እዚያ ተቀምጦ ከእሳቸው ይማራል። ሌላ ተማሪ አይቀበሉም። ታምሲን ያን ወንበር ሁለት ዓመት ሙሉ ከሩቅ ስታየው ኖራለች። ሮዋን ያውቃል። «ወንበሩ ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። «በሁለታችን ስም እናስገባለን፤ አንቺ ትቀመጫለሽ። እኔ ሰውዬው ፊት ዝም ብዬ ልቀመጥ? በሁለተኛው ቀን ያባርሩኛል።»

ባለፈው ሐሙስ ዕለት ሠራዊቱን ለጨዋታ ብሎ ወሰደው።

አሁን ሮዋን ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ካፖርት መስቀያው ጋ ቆሟል። ስትመጣ አይቷታል።

«ታሚ፣ ስሚኝ...»

«ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ጭቃው በነካኋቸው ቁጥር እየረገፈ አስቸገረኝ። እዚህ እስክደርስ ምንም አይተርፍም ብዬ ቀለም እንዳይለቅ የሚሸፍነውን ቫርኒሽ ረጨሁባቸው። ጋራዥ ውስጥ። ዛሬ ጠዋት።»

«በዝናቡ?»

ሮዋን ጫማውን ተመለከተ።

«አየሩ እርጥብ ሲሆን አይረጭም ብዬህ አልነበር? ይነጣል አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። ቸኮልኩ። ግን አትናደጂ፣ ሰው ሁሉ እኮ ወዶታል! ሚስስ ቢርድሶል ‹ውርጭ ነው?› ሲሉኝ ‹አዎ› አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያየ ሁሉ ‹አሪፍ ውርጭ› ይላል። አያስቅም?»

አላሳቃትም።

«ብቻውን ነው የቀባው የሚሉትስ? እሱም ከቫርኒሹ ነው?»

ሮዋን ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ወደ አባቱ ዞሮ አየና ድምፁን ቀነሰ።

«የገና በዓል ሰሞን ነው። አባዬ ‹ለአሻንጉሊት ነው ያን ሁሉ ያስወጣኸኝ› እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። አንዱን ቤት ወስጄ አሳየሁት። ዊልፍን። እግሩን አገላብጦ አየው። ‹ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?› አለኝ። አዎ አልኩት። ታሚ፣ አባቴ እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።»

ዊልፍን። ከዚያ ሁሉ ሠራዊት መርጦ ዊልፍን። የገና ሰሞን ማለት ጭቃውን ከመቅዳታቸው በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ሲያስቃት ኖሯል።

«ወንበሩስ?» አለች።

«ትንሽ ሳምንት እቀመጥና ሰለቸኝ እላለሁ። ከዚያ ላንቺ ይሰጡሻል። ቆይ፣ ደግሞ ወታደሮቹ እኮ የኔ ናቸው...»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው የፈለገ ይመስል አፉን ዘጋ።

«ያንተ ናቸው» አለች ታምሲን። «ማን ያንተ አይደሉም አለ?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ስሚኝ በናትሽ። ሌላውን ሰው ውርጭ ነው ብሎ መሸወድ ይቻላል። ሚስተር ሃላምን ግን አይቻልም። አንዴ ካዩት አለቀልኝ። ያ የሚያብለጨልጨው ቫርኒሽ ቦርሳሽ ውስጥ አለ አይደል? በብሩሽ ሲቀባበት ንጣቱ ይጠፋል ብለሽኝ ነበር። ሰው አሁን ምሳ ይሰለፋል። ሁለታችን ብንረባረብ እንጨርሳለን። ለዛሬ ብቻ። አባዬ ፊት አታዋርጂኝ።»

ታምሲን ቦርሳዋን ይዛ ወደ ወታደሮቹ ተመለሰች። ሮዋን ተከተላት።

ሰዉ ለምሳ የአዳራሹ ወጥ ቤት መስኮት ጋ ተሰልፏል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ዘንድ ማንም የለም። ታምሲን ጎንበስ ብላ ወታደሮቹን አየች። ከቅርብ ሲታይ ውርጭ አይመስልም። የሞራ ግርዶሽ ያለበት ዓይን ይመስላል። ዊልፍን አነሳችው። ባዶ እግሩ ጣቶቹ አይለዩም።

ብሩሿን ከቫርኒሹ ነክራ ከቆቡ ጀመረች። የነካችው ቦታ ንጣቱ ሟሟ። የቆቡ ዝገት ተመለሰ። የኮቱ ቀይ ተመለሰ፤ ትከሻው ላይ ፀሐይ የበላው ቦታ ጭምር። ከጉልበቱ በታች የትሬንት ጭቃ ብቅ አለ፤ ቫርኒሹ ስላረጠበው አሁን ከወንዝ የወጣ ይመስላል። መጨረሻ ላይ እግሩን ነካችው። አምስቱም ጣቶች አሉ።

«ይኸው!» አለ ሮዋን፤ ትንፋሹ ጆሮዋን እየነካ። «አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ! ቀጥይ፣ ቀጥይ። ለኔም ብሩሽ ስጪኝ።»

ታምሲን ዊልፍን ወደ ቦታው መለሰችው፤ የፊተኛው ሰልፍ መሃል። ግራና ቀኙ ነጭ ናቸው። እሱ ብቻ ቆሽሾ፣ ረጥቦ ቆሟል።

የብልቃጡን ክዳን ገጠመች።

«ሌሎቹስ?»

«እንዳደረግካቸው ይቆዩ።»

«ታሚ፣ አትቀልጂ። እንዲህማ ጭራሽ ይብሳል! አንዱ ብቻ እንዲህ ሆኖ ሲያዩ...»

«አዎ» አለች።

የሮዋን አባት ሁለት ዳቦ ይዘው መጡ። አንዱን ለልጃቸው ሰጡና ወደ ታምሲን ዞሩ።

«አንቺ ጓደኛው ነሽ፣ አይደል? ታምሲን? ስምሽ ቤት ውስጥ ብዙ ይነሳል። እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ ታውቂ ነበር? እኔ አባቱ አላውቅም ነበር።»

ሮዋን ዳቦውን እንደያዘ ደረቀ። ታምሲን ሰውየውን አየቻቸው። ጃኬታቸው ላይ የሲሚንቶ ነጠብጣብ አለ። ዓይናቸው ግን የልጅ ዓይን ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«ለሁሉም ስም ያወጣላቸው እሱ ነው» አለች። «የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ያውቃል። ይጠይቁት፣ ያስቅዎታል።»

እውነት ነው፤ አንድም ውሸት አልጨመረችበትም። ሮዋን አቀረቀረ።

ከዚያ ዳኝነቱ ተጀመረ። ሚስተር ሃላም ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ተነስተዋል። ትንሽ መብራት በእጃቸው ይዘዋል። ሲዳኙ አይናገሩም፤ ያያሉ፣ አገላብጠው ያስቀምጣሉ፣ እያንዳንዱን ልጅ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሥራው መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገ። ሌላ ጊዜ ታምሲን ይሄን ሰዓት የምታሳልፈው ወጥ ቤት ውስጥ ሆና፣ ኩባያ እያጠበች ነው። አሁን እግሯ ወደዚያ ሊሄድ ፈለገ። ከለከለችው።

ሚስተር ሃላም ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ደረሱ። መብራቱን በነጮቹ ላይ አሳለፉ። ከንፈራቸውን ጠበቅ አደረጉ እንጂ አልነኳቸውም። እጃቸውን የሰደዱት ወደ ዊልፍ ነው። አነሱት። ባዶ እግሩን አዩት። ጣታቸው ላይ ቫርኒሽ ተጣበቀ፤ ገና አልደረቀም። በአውራ ጣታቸው አሹት።

«መጨረሻ ላይ ምን አደረግክ?» አሉት ሮዋንን።

ሮዋን፣ ሁልጊዜ ለሁለቱም የሚናገረው ሮዋን፣ ወደ ታምሲን ዞረ።

«እሱን እኔ ነኝ» አለች ታምሲን። ድምፏ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «አሁን፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ነጥቶ ስለነበር።»

ሚስተር ሃላም ፊታቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን ብቻ ወደ እሷ አዞሩ። ፊቷን አላዩም። ያዩት ጣቶቿን ነው። ከኪሷ መቼ እንዳወጣቻቸው እሷም አላወቀችም።

«ሌሎቹንስ?» አሉ።

የሮዋን አባት ማኘካቸውን አቆሙ።

ሁሉም ነገር ምላሷ ላይ ነበር። የጃም ብልቃጡ፣ የእናቷ ምድጃ፣ ሹራቡ፣ ኮምጣጤው። መናገር ብትጀምር እስከ ማታ አይቆምም። ሮዋን ያያታል፤ ዓይኑ እርጥብ ሆኗል።

«ሌሎቹን እሱ ይንገርዎት» አለች።

የቫርኒሹን ብልቃጥ ዊልፍ ቆሞበት ከነበረው ባዶ ቦታ አጠገብ አስቀመጠች። ብሩሿንም አኖረች፤ እጀታው ወደ ሮዋን ዞሮ። ከዚያ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና እስኪናገር ጠበቀችው።