የሐሙስ ምላጭ

ፀጉር አስተካካዩ ሞቶ የተገኘው በገዛ ሱቁ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ነው። ደረቱ ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፎለታል። ቀኝ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ግራው ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። ጉሮሮው ተቆርጧል።

መርማሪዋ ስትደርስ ረፍዷል። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር የቀራት፣ ጉልበቷ ደረጃ በወጣች ቁጥር የሚያማርራት ሴት ናት። ሬሳ ማየት ሰልችቷታል፤ ከሬሳው ይልቅ ደግሞ የሟች ቤተሰብን መጠየቅ። ሃምሳ አለቃው ግን ቸኩሏል።

«ገዳይዋ ልጁ ናት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐሙስ ሐሙስ አባቷን የምትላጨው እሷ ናት፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ከምሳ በፊት ይዣት ልሂድ።»

«ሰው አስረህ ይቅርታ ከመጠየቅ ምሳህ ቢዘገይ ይሻልሃል።»

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ልጁ፣ ታናሽ ወንድሙና ሸሪኩ። መርማሪዋ መጀመሪያ ልጅቷን ጠራች።

«ተራሽ ነበር አሉ።»

«ነበር። እንቅልፍ ጣለኝ። ስደርስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«ሱቁን ተረከቢኝ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ምላጭ ስስል ነው ያደግኩት። በቃኝ፣ ሰልችቶኛል አልኩት።» ልጅቷ እጇን አየችው። «ለአባቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።»

«ይህንን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማን ልንገር?»

ሸሪኩን ሰፈሩ «ማሽኑ» ይለዋል፤ ከፀጉር መቁረጫ ማሽን ሌላ ነገር ስለማይነካ ነው።

«እኔ ምላጭ ስይዝ ላብ ያጠምቀኛል» አለ። «መሳሉ ይቅርና መክፈቱንም አላውቅበትም። ሟቹ ‹አንተን ምላጭ ካስያዝኩህ ደንበኛ አይተርፈኝም› ይለኝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ አለቀሰ።

ታናሽ ወንድም ቁጥብ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሥጋ ቤት ሠርቶ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ እዚህ ፎጣ ያጥባል፣ ወለል ይጠርጋል።

«ምላጭ መሳል ያውቁበታል?» አለችው መርማሪዋ።

«ሃያ ዓመት ቢላዋ የሳለ ሰው ምላጭ ያቅተዋል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አይስሉም?»

«ወንድሜ አያስነካም ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ሟቹ አንገቱ ላይ ቀጭን የብረት ሰንሰለት አለው፤ ሰንሰለቱ ላይ አዲስ ጭረት ያበራል። ከዚያ የምላጮቹን ሳጥን ከፈተች። ሰባት ምላጮች፣ ለሳምንቱ ሰባት ቀናት አንድ አንድ፣ እጀታቸው ላይ የቀኑ ስም የተጻፈባቸው፤ ሁሉም ንጹሕ፣ አንዱም ያልተሸረፈ። የመሳያው ድንጋይ ግን በጨርቁ እንደተጠቀለለ እርጥብ ነው። ምላጮቹን እያነሳች፣ ስለታቸውን ወደታች፣ አንድ በአንድ መስኮቱ ሥር በተጋደመው መስታወት ላይ አቆመቻቸው። ዝቅ ብላ በጎን ስታያቸው ጉልበቷ ቀጭ አለ። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠርታ ወንበር እንዲይዙ ነገረቻቸው፤ እሷም ተቀመጠች።

«ሟቹ ጉሮሮውን ለማንም አይሰጥም» ብላ ጀመረች። «አንጋጦ የተቀመጠው ለሚያምነው ሰው ነው። የዚያ ሰው ምላጭ ሰንሰለቱን መትቷል። ብረት የመታ ምላጭ ይሸረፋል። እዚህ ግን የተሸረፈ ምላጭ የለም። ለምን?»

«ስለተሳለ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ልክ ነው። ድንጋዩም ገና አልደረቀም። አሁን ንገሪኝ ልጄ፣ አባትሽ ሲስል እንዴት ነው?»

«የምላጩን ጀርባና ስለቱን አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ያስተኛል። ጀርባው ከተነሳ ስለቱ ይበላሻል። ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ይስባል፤ ስለቱ መሃሉ ላይ ወጣ ያለ ትንሽ ሆድ እንዲኖረው። ሆዱ ከጠፋ ምላጩ ቆዳ ይቧጭራል።»

«ምላጩ ቢሸረፍስ?»

«ሽራፊው ያለበትን ብቻ አልነካም። ግማሽ ቀንም ይፍጅ፣ ሙሉውን ስለት ነው ፍቄ የማወርደው።»

መርማሪዋ ምላጮቹን እንደገና መስታወቱ ላይ አቆመቻቸው። «ስድስቱ መስታወቱን የሚነኩት በመሃላቸው ነው፤ ሆድ አላቸው። የሐሙሱ ሁለት ጫፉ ነክቶ በመሃሉ ብርሃን ያልፋል። ሰርጉዷል። አንድ ሰው ጣቱን መሃሉ ላይ ተጭኖ፣ ሽራፊውን ብቻ እየፋቀ ስሎታል። ጀርባው ላይ ደግሞ አንድም አዲስ ጭረት የለም። ከድንጋዩ ተነስቶ ነበር ማለት ነው።»

«ሆን ብላ ብታበላሸውስ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እሷ ብትሆን እንደ ስድስቱ አድርጋ ትመልሰው ነበር፤ እኔም አላገኘውም ነበር። ማሽኑ ድንጋይና ሳሙና አይለይም። ጀርባ አንስቶ፣ መሃሉን ተጭኖ የሚሳል ምላጭ ሳይሆን ቢላዋ ነው።»

ድንጋዩን ወደ ታናሽ ወንድም ገፋችው። «እስኪ አንዱን ይሳሉልኝ።»

ሰውዬው ድንጋዩን አየው። እጁን ከጭኑ ላይ አላነሳም። ማሽኑ እንኳ ማልቀሱን ተወ።

«እሷ ስትዘገይ እኔ ላጨሁት፤ እያላጨሁት ነው የነገረኝ» አለ በመጨረሻ። «‹ሱቁን ለልጄ ነው የምሰጠው፣ አንተ ቢላዋህን ሳል› አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተመችቶት። ሁለት ዓመት ምላጭ ባነሳሁ ቁጥር ‹ጀርባውን አስተኛው፣ ጀርባውን አስተኛው› እያለ ሲነጥቀኝ ኖረ። ደንበኛ ፊት ይስቅብኛል። ደክሞኝ ነበር። በጣም ደክሞኝ ነበር።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ አልፈልገውም። ትናንት ነግሬዋለሁ። ብትጠይቀኝ ላንተ እለቅልህ ነበር።»

ሰውዬው መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ ወደ ወንድሙ ወንበር ዞረ፣ መልሶ ወደ እሷ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«አልጠየቅከኝም።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ ለመነሳት ወንበሩን ተደግፋ ነበር፤ ልጅቷ እንባዋን መጥረግ እንዳቃታት ስታይ ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።