የሦስት ሰዓቱ ትምህርት

የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዶክተር ሞተው የተገኙት ቤታቸው፣ በሚያስተምሩበት ወንበር ላይ ነው፤ ፊታቸው ወደ ኮምፒውተሩ እንደዞረ። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገታቸው ላይ ቀይ መስመር ትቶ መሬት ወድቋል። ሐኪሙ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ተኩል ባለው ጊዜ ታንቀው እንደሞቱ ተናገረ። ይሁንና ስልሳ ተማሪዎች ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በኢንተርኔት ሲያስተምሩ አይተዋቸዋል። ገዳዩ የመጣው ከአራት ሰዓት በኋላ መሆን አለበት፤ ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው።

መርማሪዋ ግን ሁሉም ያለውን ቶሎ የምትቀበል ሴት አልነበረችም። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎረቤት ግቢ የግድግዳ መሰርሰሪያ ያለ ዕረፍት ይጮሃል፤ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው በጩኸቱ ልክ ይንቀጠቀጣል። አየችውና ወደ ሳሎን አለፈች።

የዶክተሩ ታላቅ እህት እዚያ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሻሉ።

«እትዬ፣ ሲወጡ ወንድምዎ ደህና ነበሩ?»

«ጮክ በይ ልጄ! ይኼ ሰውዬ ጆሮዬን ሊበሳው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰረስረው?»

«ዛሬ ነው የጀመረው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ክሊኒክ ልወጣ ስል ጀመረ። እንዴት ልታስተምር ነው ስለው፣ ቢያንስ ተማሪዎቼ ይነቃሉ ብሎ ሳቀ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ድሮ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን በጠመኔ ይመታው ነበር። ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ፊታቸውን እንኳ አያይም።»

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«ያቺ ተማሪው ሰሞኑን ፊቷ ጠቁሯል። እኔ ግን በሰው ነፍስ አልገባም።»

አስከሬኑን ያገኘችው ያቺው የዶክትሬት ተማሪ ኮሪደር ላይ ቆማለች።

«አራት ተኩል ላይ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«መጽሐፍ ልመልስ።»

«መጽሐፉስ?»

 ልጅቷ ስልኳን አቀበለቻት። የዶክተሩ የትናንት መልእክት ነው፦ «ነገ ከትምህርት በኋላ ቤት ነይ። የጥናታችን ቁጥሮች አልጣሙኝም። ለማንም አትንገሪ።»

«የሦስታችን ጥናት ነው» አለች። «ሰው ኪቦርድ ሲመታ ከምቱ ማንነቱን የሚለይ ፕሮግራም ሠራን፤ በኢንተርኔት የሚፈተነው ተማሪው ራሱ መሆኑን ለማወቅ። የተበላሸው የእኔ ሥራ መስሎኝ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

«ቁጥሮቹን የሰበሰበው ማን ነው?»

«የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ።»

ኃላፊው የዶክተሩ የሃያ ዓመት ወዳጅ ናቸው። መርማሪዋ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዳ ቢሯቸው አገኘቻቸው።

«ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ አሥር ሰው ይመሰክራል» አሉ ሳይጠየቁ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከቤቴ በቀጥታ ወደዚህ። በስብሰባው መሃል ትምህርቱን በስልኬ ከፍቼ ትንሽ አዳመጥኩ። ምስኪን! ያ የጎረቤት መሰርሰሪያ እንደዚያ እየጮኸበት በትዕግሥት ነበር የሚያስተምረው።»

«ትዕግሥተኛ ነበሩ ማለት ነው» አለችና ተነሳች።

ዩኒቨርሲቲው የዕለቱን ትምህርት ቀድቶ ያስቀምጣል። እሷም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አየችው። አሥር ሰዓት ሲሆን ሦስቱንም ዶክተሩ የሞቱበት ክፍል ሰበሰበቻቸውና ትምህርቱን ከፈተችው። የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እህትየው አፋቸውን ያዙ።

«መሰርሰሪያው የት አለ?» አለች መርማሪዋ።

ኃላፊው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «የማስተማሪያው ፕሮግራም እኮ የጀርባ ድምፅ ያጠፋል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።»

«እኔም ተነግሮኛል። ስለዚህ ጆሮዬን ትቼ ዓይኔን አመንኩ። ዛሬ እዚህ ስገባ የብርጭቆው ውሃ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምስሉም ላይ ጠረጴዛው ላይ ውሃ አለ፤ ግን ሰዓቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ድምፅ የሚያጠፋ ፕሮግራም ውሃ አያረጋም።»

ልጅቷ ቀድማ ገባት። «ቀጥታ አልነበረም!»

«የዓምና ነው። ዶክተሩ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወሩ ለመለማመጃ ተቀርፆ በትምህርት ክፍሉ የተቀመጠ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከፍላሽ ተገልብጦ፣ ሦስት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲጀምር ታዟል፤ ባለሙያችን ኮምፒውተሩ ውስጥ አገኘው። ተማሪዎቹ ከጻፉት ጥያቄ አንዱም ያልተመለሰው ለዚህ ነው። የሚመልስ ሰው አልነበረማ። እንግዲህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ማንንም አያድንም።»

«ይህ እኔን በምን ይነካኛል?» አሉ ኃላፊው።

«መሰርሰሪያውን ሰማሁ ብለውኛል። ድምፅ ማጥፊያው ከሠራ ሊሰሙት አይችሉም። ካልሠራም ምስሉ የዓምና ነው፤ ያኔ ጎረቤት አልሰረሰረም። ድምፁ የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው፤ እርስዎም የሰሙት እዚሁ፣ ከዚህ ወንበር ጀርባ ቆመው ነው።»

«ሰው ነግሮኝ ይሆናላ!»

«አዳመጥኩ ነው ያሉኝ፤ ተነገረኝ አላሉም። ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይህቺ ልጅ ፕሮግራማችሁን በቁጥሮቻችሁ ላይ ሞከረችልኝ። ሦስት መቶ ተፈታኝ ያሏቸው ሁሉ ምታቸው የአንድ ሰው ነው። የእርስዎ። ዶክተሩም የደረሱበት ይህንኑ ነው።»

ኃላፊው ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ። «ለመንኩት። ጥናቱን ዛሬውኑ አሰርዘዋለሁ አለኝ። ስሜ አፈር ሊበላ… ልለምነው ብቻ ነበር የመጣሁት።»

«ሊለምን የሚመጣ ሰው ፍላሽ ይዞ አይመጣም» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሶቹ ገቡ። እህትየው ግን ጉልበታቸውን ይዘው እንደምንም ተነሱና በሩ ላይ መንገድ ዘጉ።

«ሃያ ዓመት እትዬ እያልክ ደጄን ረግጠሃል» አሉ። «እስቲ ዛሬም በለኝ።»

ኃላፊው አንገታቸውን ደፉ። እህትየው ነጠላቸውን ሰብስበው ከበሩ ዞር አሉላቸው።