ሁለቱ የደረት ፊልሞች

ጂብሪል ከራጅ ክፍሉ የጓሮ በር ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተጋደመ ሞቶ ተገኘ። ከጎኑ የወተት ፔርሙዝ ነበር። ወንድሙ መስዑድ እሪ ብሎ ጣቱን በሟቹ ሚስት በመይሙና ላይ ቀሰረ፤ በስድስት ሰዓት ወደ ሐረር ወህኒ የሚወስዳት መኪናም ከአሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ግቢ ቆመ።

መርማሪው መቶ አለቃ ሮባ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ያልተጣራ ክስ ያንገበግበው ነበር።

«ወላሂ፣ ፔርሙዙን ሲገባ በእጁ ሰጠሁት፤ ሲወጣ አላየሁትም» አለች መይሙና።

«መርዘሽ ገድለሽ ደግሞ ትምያለሽ?» አለ መስዑድ።

ራጅ አንሺው ጉርሜሳ ከማድረቂያው የጂብሪልን የዛሬ ፊልም አወረደ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አንሥቼው በእግሩ ወጣ። ማስረጃው ይኸው።»

ሮባ ፊልሙን ከጂብሪል የባለፈው ወር ፊልም ጋር በመስኮቱ ብርሃን አስተያየ። ወጥቶ ሬሳውን አገላብጦ አየ፤ ተመልሶ ፊልሞቹን ደግሞ አየ። ሰዓቱን ተመለከተ። አምስት ተኩል ሆኗል።

«ሁላችሁም ወደ ራጅ ክፍሉ ግቡ» አለና ሸሚዙን አወለቀ። «ጉርሜሳ፣ እኔ በሽተኛ ነኝ። ለበሽተኛ የምትለውን በል።»

«ልብስህን አውልቅ፤ ብረት ካለህ አስቀምጥ። ደረትህን ከሰሌዳው አስጠጋ። አየር በደንብ ሳብ፤ ያዝ፤ አትንቀሳቀስ።»

«ያማል?»

«ምንም አያምም።»

ሮባ የሞላ ደረቱን አስተነፈሰና የቀድሞውን ፊልም አነሣ። «እዚህ ሳንባው እንደ እኔ ሞልቷል። በዛሬው ግን ኮስሷል፤ ደረቱም ላይ ነጭ ነገር ተጋድሟል። መይሙና፣ ምንድን ነው?»

«የብር ክታቡ ነው። ሰው እንዲነካበት አይወድም፤ ለራጅ ሲገባ ራሱ አውልቆ በኪሱ ይከታል።»

«ስለዚህ ጉርሜሳ ክታብ ፈልጎ አያውቅም። ዛሬ ግን በሽተኛው ሊያወልቅ አልቻለም፤ አየር ሳብ ሲባልም ሊስብ አልቻለም። በእግሩ ወጣ ለማለት ከነሸሚዙ የተነሣው ሬሳ ነው! ስሕተቱ በፊልሙ ላይ ሲወጣ የመስዑድ እሪታ ተሰምቶ ነበር፤ ሌላ ለማንሣት ጊዜ አልነበረም። ዳሌው ላይም ሐኪም ያላዘዘው ትኩስ የመርፌ ቀዳዳ አለ።»

ጉርሜሳ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሳሉ እንዲበርድለት ብዬ ፔኒሲሊን ወጋሁት። ወዲያው ታፈነ… ልረዳው ነበር።»

«መርፌውን ሳታስብ ወጋህ፤ ፔርሙዙን ከጎኑ ያስቀመጥኸው ግን አስበህ ነው።»

መኪናው ጉርሜሳን ጭኖ ሄደ። መይሙና ማንም ሊነካው ያልደፈረውን ፔርሙዝ ከጠረጴዛው አነሣች፤ ከፈተችው፤ መስዑድን ዓይን ዓይኑን እያየች ወተቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው።