አምስት ላይ የቆመው ብዕር

አራት መቶ ብርድ ልብስ የሚወጣው ሱፍ በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከማቅለሚያው ማሽን ሲወጣ ተኮማትሮ ጣውላ መስሏል። ብርድ ልብሱ ለጦር ግንባር ነበርና ነገሩ አሻጥር ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው መጨረሻው ይታወቃል።

አሻጥረኛዋንም የፋብሪካው ጥበቃ ኮሚቴ ወዲያው አገኛት፤ የከሰዓቷ ፈረቃ ሠራተኛ ዙቤዳ። ወንድሟ ከብሔራዊ ውትድርና ጠፍቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ! በሦስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት መኪና ታዘዘ።

ጉዳዩን የያዘውን ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ወርቅአገኘሁን ግን ነገሩ አልዋጥ አለው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቱን ሲቆረጥመው ደግሞ ማንንም አያምን። ፋብሪካው ድረስ ሄደ።

ማሽኑ አዲስ ነው። ሙቀቱን ራሱ ይለካል፤ ከልክ ሲያልፍም ራሱን ያጠፋል። ፊቱ ላይ የሰዓት ቁጥር የተጻፈበት ክብ ወረቀት እንደ ሰዓት ይዞራል፤ ትንሽ ብዕር ሙቀቱን ታሰምርበታለች።

ውጭ አገር ተምሮ የመጣው መሐንዲስ ዘርአ ዳዊት ኮሚቴው ያስቀመጠውን የዚያን ቀን ወረቀት ዘረጋለት።

«ይኸው፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ማሽኑ ራሱን የሚያጠፋበት ሽቦ ተነቅሏል። ሙቀቱ የወጣውም አስር ላይ ነው።»

አስር ሰዓት የዙቤዳ ፈረቃ ነው። ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና የጠዋት ፈረቃዋን አልታየችን ጠራ። ከዙቤዳ ጋር ተኳርፈዋል ሲባል ሰምቷል።

«ሽቦውን አንቺ ነሽ የነቀልሽው?»

«እኔ? ኧረ በማርያም! ተኮራረፍን እንጂ ተገዳደልን?»

ፊቷ የዋሸ ሰው ፊት አይደለም። ተዋትና ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ።

«ማሽኑን ስንት ሰዓት አቆምሽው?» አላት ዙቤዳን።

«አስራ አንድ ላይ፣ ጠዋት የገባው ሱፍ ሲደርስ። ስከፍተው ሸተተኝና ጮህኩ፤ ፋብሪካው በሙሉ ሰምቶኛል። ወላሂ፣ ምንም አልነካሁም!»

«ወረቀቱንስ?»

«ኮሚቴው ያኔውኑ አውጥቶ ወሰደው።»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለ። መስመሩ የሚያልቀው አምስት ላይ ነው።

አምስት? አስራ አንድ ላይ የቆመ ማሽን?

ግንባሩን መታ። የፈረንጅ ሰዓት! የእኛ አስራ አንድ ለፈረንጅ አምስት ነው። እንግዲያው አስሩም የእኛ አስር አይደለም፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ያኔ ዙቤዳ ገና ቤቷ ነበረች።

እየሮጠ ማለት ይቻላል ፋብሪካው ደረሰ።

«አልታየች፣ የዚያን ቀን ወረቀቱን ማን ገጠመው?»

«ሌላ ጊዜ እኛው ነን፣ በእኛ ሰዓት አስተካክለን። የዚያን ቀን ግን ጓድ መሐንዲሱ ራሳቸው ገጠሙት።»

«አራት ሰዓት ላይስ የት ነበራችሁ?»

«ሁላችንም ውይይት ክበብ። እሳቸው ብቻ ማሽን እጠብቃለሁ ብለው ቀሩ።»

ዘርአ ዳዊት ተጠርቶ ይህን ሲሰማ ሁሉንም ተናዘዘ።

«ለአብዮት በዓሉ ኮታውን በእጥፍ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር» አለ። «ሙቀቱን ስጨምር ማሽኑ እየጠፋ አስቸገረኝ። ሽቦውን ነቀልኩት። ሱፉ መበላሸቱን ሳውቅ ሙቀቱን መለስኩና ዝም አልኩ። ኮሚቴው ሰዓቱን በእኛ ቆጥሮ እሷን ሲይዝም ዝም አልኩ። አሻጥረኛ እንዳልባል ፈራሁ።»

«እሷ ስትባልስ አልፈራህም?»



ሃምሳ አለቃው ሪፖርቱን ሲጽፍ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፦ «በችኮላ የማሽኑን መከላከያ ነቅሎ ንብረት አጥፍቷል፤ ንጹሕ ሰው ስትታሰርም እያወቀ ዝም ብሏል» ብሎ ጻፈና ፈረመ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ዙቤዳ ስትፈታ ዘርአ ዳዊት በኮሪደሩ ተይዞ ይገባ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«አንድ ቃል ነበር የሚያስፈታኝ» አለችው እንባዋ እየወረደ። «ሦስት ቀን ሙሉ አፍህ ውስጥ ይዘኸው ከረምክ።»

ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች።

«እኔን ያሉኝን እሱ ላይም ጻፉበት? አሻጥረኛ ብለው?»

«አልጻፍኩም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «እሱስ ለማንም አይጻፍ።»