የመጭ ሥር

አንዷለም ያገኘኝ ቢቸና ዳር፣ ኑግ ማሳ ውስጥ ተንበርክኬ መጭ የሚባለውን ባለቢጫ አበባ አረም ስነቅል ነው።

«እህት፣ ደቦው የታለ? ብቻሽን ጥለውሽ ሄዱ?»

ከሞጣ የመጣ የሰብል ባለሙያ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት እንደሆነ ነገርኩት። ገበሬው ሁሉንም መጭ ይለዋል እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዓመቱ ደርቆ ይሞታል። ሌላው ከላይ ቢደርቅም ክረምት ሲገባ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

«አበባቸው አንድ ነው እኮ።»

«አበባው ያሳስታል። ሥሩን ማየት ነው።»

«እኔስ ከየትኛው ነኝ?»

«ገና አልነቀልኩህም።»

ሳቀ። ከዚያ አጠገቤ ተንበረከከና መንቀል ጀመረ።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። እንደ አገሩ ወግ ከአባቴ ጋር ሆነው ሰባት ቤት ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ በእኔም በእሱም በኩል ገብረ ማርያም የሚባል የጉንደ ወይን ሰው ተገኘ።

«ወንድምሽ ነው፤ አለቀ» አለኝ አባቴ።

«አባዬ፣ አንድ ሰው መሆኑ በምን ታወቀ?»

«ስሙ አንድ፣ አገሩ አንድ። ከዚህ ወዲያ መቃብር ልቆፍርልሽ?»

አንዷለምን መነኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

«እንግዲህ እህቴ ልልሽ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከአውቶቡሱ ጎማ ሳያነሳ።

«መጀመሪያም ያልከኝ እንደዚያ ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

እሱም አላገባ፣ እኔም አላገባሁ። በየበዓሉ ይደውልልኝ ነበር፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ባለፈው ጥቅምት የደወለችው ግን እህቱ ፈንታነሽ ነበረች። በጉበት ሕመም ማረፉን ነገረችኝ።

ሞጣ፣ ለቅሶው ቤት፣ ዘመድ ናት ብለው ከእህቶቹ ጋር አስቀመጡኝ። ከጉንደ ወይን የመጡት የእናቱ አክስት እማሆይ ይርጋነሽ ትክ ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«የያየህ ልጅ ነኝ፣ የቢቸናው። በገብረ ማርያም እንዛመዳለን።»

«በየትኛው? ሁለት ነበሩ እኮ። የእናንተው ቄሱ ናቸው። የእኛው ከአማኑኤል ከተማ የመጣ እንግዳ ነው። በደም አይገናኙም።»

«ሽማግሌዎቹ አንድ ሰው ነው ብለው…»

«ወንዶች ስም ቆጥረው ይነሳሉ። እኔን ማን ጠየቀኝ?» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ምነው፣ ጉዳዩ ምን ነበር?»

«ምንም አይደል፣ እማሆይ።»

ስመለስ የመንገዱ ግራ ቀኝ በመጭ አበባ ቢጫ ነበር። ከመኪና ውስጥ ሆኖ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጥቁር ልብሴን አየች።

«ነፍስ ይማር። ወንድም ነው?»

ዓመታት ሙሉ አዎ እያልኩ የመለስኩት ጥያቄ ነው።

«አይደለም» አልኳት። «ምንም አንዛመድም።»